ትልቋና ትንሿ

«እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለኝ አባቴ።

ጣቱን ያሳረፈው በጋራዡ ግድግዳ ላይ በሚስማር በተመታ ወረቀት ላይ ነበር። የጥፍሩ ዙሪያ በግራሶ ጠቁሯል። ወረቀቱን አየሁት። ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸው ነበር፤ ተሰልፈው ሲመጡ ግን ይተራመሱብኛል፣ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን እየደገምኩ ነበር።

«በይ እንጂ፣ ማኖን።»

ጣቱን ሳያነሳ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ። «ማሪዝ! እስቲ አንዴ ነይ!»

እህቴ ማሪዝ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፖም እየገመጠች መጣች፣ ጣቱ ያረፈበትን አየችና አፏ ሙሉ እንደሆነ እንደ ውሃ ጠጣችው። «አንድ። ሞተሩን መጀመሪያ አስነሳ፣ ከዚያ ውሃውን ክፈት። ሁለት። ውሃውን መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፋ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ አባቴ።

ያቺ «ጎሽ» የኔ ነበረች። ከአፌ የነጠቀችኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አባቴ ሁለታችንን ሊፈትነን ፈልጓል፤ እኔ ወደቅሁ፣ ማሪዝ አለፈች፤ እንዲህ ነበር የገባኝ።

ቤታችን ላክ ሁዋር የሚባል ሐይቅ ዳር ነው። በጋውን ከሞንትሪያል የሚመጡት ሰዎች ቤቶቻቸውን ሲከፍቱ አባቴ ሬዣን ጣራና ቧንቧ ይጠግንላቸዋል፣ እናቴ ዩጌት ታጸዳላቸዋለች። ጥቅምት ላይ እነሱ ቆልፈው ሲሄዱ ሐይቁ ለእኛ ይቀራል። በዚያ ዓመት ከእነሱ አንዱ ቤቱን ለቆ ሲሄድ አንዲት ቢጫ የውሃ ሞተር ለአባቴ ትቶለት ሄደ። እንደ ሞተርሳይክል ተቀምጠውባት ውሃ ላይ የምትበር ናት። ሰውየው አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ ውሃ እንዳለ አስቀምጧት፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተሯን ሰንጥቆት ነበር። አባቴ በጋውን ሙሉ ፈታትቶ፣ በይዶ፣ ገጣጥሞ ነሐሴ ላይ አስነሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ወገቡን አቅፌ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን አላስታውስም።

ከእሷ በፊት የነበረችን በረዶ ላይ የምትሄድ ሞተር ናት፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ አሮጌ። በቤታችን እሷን «ትልቋ»፣ ቢጫዋን «ትንሿ» እንላቸው ነበር። በረዶው ሊገባ ሲል አባቴ ሳምንቱን ሙሉ የሚናገረው ስለ ሁለቱ ነበር። «ጋራዡ ለሁለቱም ቦታ የለውም። ትልቋ ትወጣለች፣ ትንሿ ትገባለች። ግን ጠብታ ውሃ እንዳይቀርባት!»

ትልቋን ለበረዶና ለበጋ ማዘጋጀት ዓይኑን ጨፍኖ ይችልበታል። ለትንሿ ግን ይህ የመጀመሪያ ክረምቷ ነው፤ የሚሠራው ሁሉ ያለው ከመጽሐፏ ተገንጥሎ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ተራ።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማሪዝን አንድ የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስቀመጣትና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንድታነብ አደረጋት። ስትጨርስ፣ «እንደገና ከላይ ጀምሪ» አላት። እንደገና አነበበች። «አንዴ ድገሚልኝ።» ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ከቶ ያዳምጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን እንደዚያ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ድምፅዋን ወዶት ነው ብዬ አሰብኩ። የኔ ድምፅ ሻካራ ነው፤ እናቴም ትለኝ ነበር። የማሪዝ ቀጭን ነው። ሰው የማይሰለቸውን ዘፈን እንደሚያስደግም ነው የሚያስደግማት ብዬ፣ በር ሥር በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ በቅናት አዳመጥኳት።

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚነበብ ነገር ሲመጣ እናቴ ናት የምታነብለት። በዚያ ጥቅምት ግን እናቴ እንኳን ልታነብለት፣ ጨው አቀብለኝም አትለውም ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ማሪዝን ያስደጋገማት በቃሉ ሊይዘው ነው። እኔን ቀድሞ የጠየቀኝም ሊፈትነኝ አልነበረም፤ እዚያ ጋ ምን እንደሚል ማወቅ ስለፈለገ ነው።

ያን ጊዜ ግን ማሪዝ የአባቴን የቆዳ ጓንት ስታጠልቅ ነው ያየሁት።

«አባዬ፣ ጓንቱ እኮ ይሰፋታል» አልኩት።

«ይሁን፣ እጇ እንዳይቆረጥ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ቅጠሉን ጥረጊልኝ፣ የኔ አንበሳ።»

የሜፕል ቅጠል በበሩ እየገባ ይከመራል። ጠረግሁ። ማሪዝ የውሃውን ጎማ ከትንሿ ቂጥ ጋር አጣበቀች፣ አባቴ አስነሳ፣ «አሁን ውሃ!» አለ፣ ማሪዝ ከፈተች። ጋራዡ በጭስና በጩኸት ተሞላ፤ ሁለቱም ሳቁ። «ውሃ ዝጊ!» ዘጋች። አባቴ ነዳጁን ሁለቴ ሰጠት ሰጠት አድርጎ የቀረውን ውሃ ከሆዷ አስተፋትና አጠፋ። ሁለቱ ተያዩ፤ አንድ ትልቅ ነገር አብረው የሠሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ የማውቀው ጠረጋ ብቻ ነው። መጥረጊያውን አስቀምጬ ልጠጋ ስል ማሪዝ በክርኗ ገፋችኝ።

«ባልዲሽ ላይ ተቀመጪ አንቺ። ባልዲ ማንበብ አይጠይቅም።»

አባቴ የሰማ አይመስለኝም። ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ስንት ዓመት አሰብኩበት።

ከሰዓት ጎረቤታችን ሙሴ ላፍላም መጣ። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቢራውን ይዞ የሰው ሥራ ማየት ይወዳል። በሩን ተደግፎ፣ አባቴ የማፍሰሻ ቡሾቹን ሲፈታ፣ ነዳጅ ሲሞላ፣ ነዳጁ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን መድኃኒት ሲለካ ተመለከተው።

«አንተ ሬዣን» አለ በመጨረሻ፣ «ሚስትህን እንዲህ ብታሽሞነሙናት ኖሮ እኮ ማንም አይነጥቅህም ነበር።»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ ግራሶ ተቀብታ፣ ሸራ ተከናንባ ታየችኝ። ማሪዝ አልሳቀችም። አባቴ ቀና ሳይል፣ «ሂድ ወደ ቤትህ ላፍላም» አለው።

«አይ፣ ቀልዴን ነው እኮ…»

«ቤትህ ሂድ።»

ሙሴ ላፍላም ቢራውን ሳይጨርስ ሄደ። ቀልዱ ምን ክፋት እንደነበረው አልገባኝም። አባቴ ከእሱ ጋር ተጣላ፤ ለምን? ማሪዝ እንዳትሠራ ስለረበሻት ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር ማሪዝ ጋ ነበር የሚደርሰው።

ከእራት በኋላ አልጋ ልብስ ለመውሰድ ስወርድ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ወላጆቼ ኩሽና ውስጥ ናቸው። የአተር ሾርባው ሽታ ገና አለ፤ እናቴ ሳህን ታጥባለች፣ ሳህኖቹ ከሚገባው በላይ ይጋጫሉ።

«ትንሿን ነው የምወስደው» አለች እናቴ። «እህቴ ቤት ለሁለቱም ቦታ የለም።»

«ትልቋስ?»

«ትልቋ ትቅርልህ። በበረዶው ትጠቅምሃለች።»

«ትንሿን ሼርብሩክ ድረስ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«የሚያያት ባለሙያ አለ እዚያ። ጠይቄያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆማለች እኮ፣ ሬዣን! አልንቀሳቀስ ብላለች። እዚህ ከቆየች ትበላሻለች።»

«ምንም አልሆነችም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

ሳህኖቹ ብቻ ተጋጩ።

አልጋ ልብሱን ሳልይዝ ወደ ላይ ወጣሁ። እናቴ ቢጫዋን ልትወስዳት ነው! አክስቴ ጋራዥ ውስጥ ልታስገባት፣ ለሌላ መካኒክ ልትሰጣት! አባቴ በጋውን ሙሉ የለፋባትን! እናቴ ለምን እንደዚህ እንደምትጠላው አልገባኝም። ከሁሉ በላይ የቆጠቆጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ትንሿ የምትሄድ ከሆነ ከእሷ ጋር የቀረው የነገው ሥራ ብቻ ነው፣ እሱም የማሪዝ ነው። እኔ ዳግመኛ እጄን ሳላሳርፍባት ልትሄድ ነው። ማሪዝ ከጎኔ ተኝታ ትተነፍሳለች። ትንፋሽዋ እንኳን አስጠላኝ።

እናቴ ያን ምሽት የተናገረችው ስለ ሞተር አልነበረም። እኛንም ትልቋና ትንሿ ይሉን ነበር። በሼርብሩክ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች አንድ በአንድ ይዛ የምታስተምር ሴት አግኝታ፣ ስሜን አስመዝግባ ነበር። አሁን እኔም እናት ነኝ። ልጄ ሌአ አንድ ቃል ላይ ትንሽ ስትዘገይ ሌሊቱን ሙሉ «ደግሞ እንደኔ ልትሆን ነው?» እያልኩ እገላበጣለሁ። እናቴም እንደዚያ ስትገላበጥ ከርማ ነው ያን የተናገረችው።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባቴ ለትንሿ የሚረጨውን ዘይት ሊገዛ ወደ መንደር ወረደ። ማሪዝ ፎቅ ላይ ናት። ጋራዥ ገባሁ፣ ባልዲውን ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ፣ ወጣሁበት፣ ወረቀቱን ከሚስማሩ ገነጠልኩት። ኩሽና ይዤው ሄጄ የምድጃውን በር ከፈትኩና ወረወርኩት። ጥጉ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ተጠቀለለ። ደረጃው ሲጥ ያለ መሰለኝ። ዞርኩ። ማንም የለም።

አባቴ ሲመለስ ማሪዝን ጠራት። «እሺ፣ ስድስተኛው ላይ ነን። በይ አንብቢልኝ።»

ማሪዝ ግድግዳውን አየች። ባዶ ሚስማር።

«የለም» አለች።

«ምን የለም?»

«ወረቀቱ።»

አባቴ ሚስማሩን በእጁ ዳሰሰው፤ ዓይኑን ያላመነ ይመስል። መሬቱን ፈለገ፣ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፣ የቁልፎቹን ሳጥን ገለበጠው። ፊቱ ነጭ ሆኗል። እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ። ለአንድ ወረቀት!

«ማነው የነካው?»

ማሪዝን አየ፣ እኔን አየ።

«ሥራው ግማሽ ላይ ነው! ውሃ ቀርቶባት ይሆናል! ዛሬ ማታ ይረጋል ብለዋል፣ ሬዲዮው ተናግሯል! ማሪዝ፣ ስድስተኛው ምን ነበር?»

ማሪዝ እጆቿን አፍተለተለች። «ዘይት ነው መሰለኝ… ወይስ ባትሪው? አባዬ፣ ሳነብ አልያዝኩትም እኮ። እዚያው ተጽፎ የለ?»

ማንበብ የሚችል ሰው በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። እሷ ሦስት ጊዜ ያነበበችው ከአፏ ወጥቶ ሄዷል። እኔ ጋ ግን ነበር። ባልዲው ላይ ሆኜ በቅናት እየተቃጠልኩ፣ እያንዳንዱን ቃል ከድምፅዋ ጋር ይዤው ነበር፤ የት ላይ እንደተነፈሰች እንኳን።

«ስድስት» አልኩ። «ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በቀዳዳዎቹ መከላከያ ዘይት ርጭ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰባት። ሞተሩን ለአፍታ አሽከርክር፣ ካንዴላዎቹን መልስ። ስምንት። የማይረጋውን ፈሳሽ በማቀዝቀዣው ቱቦ አስገባ፣ በሌላው በኩል ሮዝ ሆኖ እስኪወጣ። ዘጠኝ። ባትሪውን አውጣ፤ ጥቁሩን ገመድ መጀመሪያ።»

«ቀዩን አይደል መጀመሪያ?» አለ አባቴ። አሁን እሱ ነው የሚፈትነኝ፤ ይሄኛው የእውነት ፈተና ነበር።

«አይ፣ አባዬ። ጥቁሩን።»

አባቴ ሳቀ። ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው፤ ጉንጬ በግራሶ ተለወሰ። «ቀጥይ፣ ቀጥይ የኔ አንበሳ!»

ቀጠልኩ። እሱ ይሠራል፣ እኔ እናገራለሁ። ካንዴላዎቹን ፈታን፣ ረጨን። ሮዙ ፈሳሽ ሲወጣ «በቃ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ዘንጉን ግራሶ ቀባን። አይጥ እንዳይገባባት የድስት መፈተጊያ ሽቦ በጭስ ማውጫዋ ጠቀጠቅን፤ ያን ጓንት አጥልቄ በገዛ እጄ። ባትሪውን አባቴ ተሸክሞ ቤት አስገባው፣ የበሩን እጀታ የያዝኩለት እኔ ነኝ። «አሥራ ሁለት። መቀመጫውን በጥቂቱ ክፍት ተወው፣ አየር ይግባ፣ ከዚያ በሸራ ሸፍን።» ሸራውን አንደኛውን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ።

ማሪዝ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ተቃጠይ፣ አልኩ በሆዴ። ደግሞ አንቺ ተቃጠይ።

ማሪዝ አሁን ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት፣ እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ማንበብ መማር ስጀምር፣ በራሴ እጅ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ደብዳቤ ላክሁላት። ደውላ አለቀሰች። ከዚያ፣ «ማኖን፣ ደረጃው ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ወረቀቱን ስትከቺው አይቼሻለሁ። ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ አይደለም። እማዬ አንቺን ልትወስድሽ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። መሄድ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ፤ አባዬ ቢሰማና ቢቆጣሽ የምትሄጂው አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ስቀናብሽ ነው የከረምኩት።»

በእኔ!

ሸራውን አስረን ስንጨርስ አባቴ ወደ ቤት ሮጠ። እናቴ ተመልሳ ነበር። ድምፃቸው በግቢው ይሰማል።

«ምንም አልሆነችም ብዬሽ ነበር! አሥራ ሁለቱንም! በተራቸው! አንዲት አልዘለለችም!»

«በጆሮዋ ነዋ፣ ሬዣን! በጆሮዋ! እንዳንተ!»

«አዎ እንደኔ! ትንሿ ትቅር። ትንሿ የትም አትሄድም።»

እንዳንተ! እናቴ እንኳን መሰከረችልኝ። ደግሞ ትንሿ የትም አትሄድም፣ ቢጫዋ ልትቀር ነው! በአንድ ቀን ሁለት ድል። ግቢው መሃል ብቻዬን ዘለልኩ።

እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጣች። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለችና የሹራቤን አዝራር ተቆልፎ ሳለ እንደገና ቆለፈችው።

«ማኖን፣ ስሚኝ። እኔ ሼርብሩክ አክስትሽ ጋ ልሄድ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ደህና ትምህርት ቤት አለ፣ አንዲት ጥሩ…»

«ማሪዝስ?»

«ማሪዝ ከአባትሽ ጋር ትቆያለች።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ማሪዝ ከአባዬ ጋር! ማሪዝ ጓንቱን አጥልቃ፣ ማሪዝ ግንቦት ላይ ሸራውን ስትገልጥ፣ ማሪዝ ከኋላው ተቀምጣ ወገቡን አቅፋ! ዛሬ አሸንፌያት ሳለ!

«አልሄድም» አልኩ። «እኔ ነኝ የምቀረው። እሷን ውሰጃት!»

«የኔ ልጅ፣ አታውቂም እኮ…»

«አልፈልግሽም! አባዬን ነው የምፈልገው!»

እናቴ እጇን ከአዝራሩ አነሳች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ንዴት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሌአ ተቆጥታ በሩን ስትዘጋብኝ፣ ያንኑ ፊት መስታወት ውስጥ በራሴ ላይ አየዋለሁ፤ ንዴት አይደለም።

«እኔ እሄዳለሁ፣ እማዬ» አለች ማሪዝ ከበሩ። ቶሎ ነው ያለችው፣ ሌላ ሰው ሳይቀድማት።

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ከቁጢጥታዋ ተነሳችና፣ «እስከ ገና» አለች። «እስከ ገና ብቻ። ገና ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ገና ላይ መጣች። እኔ ጋራዡ ውስጥ ከሸራው ሥር ተደብቄ አልወጣም አልኩ። ከዚያ እስከ ፋሲካ አለች። ደብዳቤም ትልክ ነበር። አባቴ ፖስታዎቹን ማቀዝቀዣው ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ እኔ ማንበብ አልችል፣ እሱ ማንበብ አይችል፣ ሙሴ ላፍላምን አንብብልን ማለት ደግሞ ሞት ነበር። የዚያች የሼርብሩክ አስተማሪ ወረቀት ከመካከላቸው ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርት አቆምኩ።

ያን እሑድ ተከትሎ በመጣው ሐሙስ እናቴ ሁለት ሻንጣ መኪናው ላይ ጫነች። ማለዳ ነው፣ የሐይቁ ዳር ዳር ስስ በረዶ ይዟል። ማሪዝ ከፊት ተቀመጠች፤ መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አላየችም። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አወጣች። እኔ ከአባቴ ጎን ቆሜ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እጇን አልያዝኩም። መኪናው የሜፕሎቹን መታጠፊያ እስኪያልፍ ጠበቅሁና አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እንዲስቅልኝ። አልሳቀም።

እናቴና ማሪዝ ሄዱ። አባቴና እኔ ቀረን።